ስለ ቀይ ባሕር የምታለቅሱ፣ አዌቱን አሽትታችሁ ታውቃላችሁ?

ባለፈው እትማችን አምስት ግጥሞች ወጥተው ነበር። ሦስቱ ስለ ባሕር ናቸው። በአንደኛው ማዕበሉ ያለቅሳል፤ በሁለተኛው ወደቧ እንደ እናት ልጆቿን ትጣራለች፤ በሦስተኛው ገጣሚው ራሱ መርከብ ሆኖ መልሕቁን ፍለጋ ይንከራተታል። የጻፏቸው ወዳጆቼ ናቸው። አንዱ ይህን ካነበበ በኋላ ሻይ የሚጋብዘኝ አይመስለኝም፤ ምን ይደረግ። ከሦስቱ አንዱም ባሕር አይቶ አያውቅም። ይኸ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም አላየሁም። ኃጢአቱ ወዲህ ነው፦ ሦስቱም ግጥሞቻቸውን የጻፉት አዌቱ በሚሸትበት ወር፣ መስኮታቸውን ዘግተው ነው።

ባሕር አያስፈልገንም የምል እንዳይመስላችሁ። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ወደብ አልባ ነን፤ ከ1990ው ጦርነት በኋላ ደግሞ የአሰብ በር ተዘግቶ ንግዳችን ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በር ላይ ተንጠልጥሏል። የበሩ ዋጋ ከባድ ነው፤ ይኸን ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያሻም። በጥቅምት 2016 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በቴሌቪዥን ከተናገሩ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ከተፈረመ፣ ከዓመት በኋላም ከሶማሊያ ጋር በአንካራ ከተስማማን ወዲህ ሻይ ቤቱም፣ ባጃጁም፣ ዶርሙም ባሕር ባሕር ይላል። ክርክሩን ለዲፕሎማቶቹ እተወዋለሁ። የእኔ ጥያቄ አጭር ናት፦ ባሕር ቢሰጠን ምን እናደርግበታለን?

ለመሆኑ በእጃችን ሳለ ምን አደረግንበት? ከፌዴሬሽኑ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1985 ድረስ አርባ ዓመት ያህል ባሕር ዳር ነበርን። የዳህላክ ጠላቂ፣ በትንሽ ጀልባ ከአሰብ በላይ የሚወጣው የአፋር ዓሣ አጥማጅ፣ መረቡን ጥላ ሥር ተቀምጣ የምትጠግን ሴት በየትኛው ግጥማችን፣ በየትኛው ልብ ወለዳችን ውስጥ ቁጭ ብለው ያውቃሉ? የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲዘጋ፣ ጦርነቱም ሲበረታ የዓሣ ሥራው ሲወድቅ ማን አለቀሰለት? ባሕሩን እንጂ የባሕሩን ሰው አናውቀውም ነበር። ዛሬም የምንናፍቀው ሰማያዊውን ቀለም ነው።

የሰው የውኃ አያያዝ የሚታወቀው በእጁ ባለው ውኃ ነው። እንግዲህ በእጃችን ያለውን እንይ።

እኔ የተወለድኩት ጎማ ውስጥ፣ ከአንድ የቡና ማጠቢያ በታች ባለ መንደር ነው። የማጠቢያውን ስም አልጠራም፤ እንዲያ የሚያደርገው እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጠራው ነበር። ቡና ሲታጠብ ያላያችሁ የከተማ ልጆች አላችሁና ልንገራችሁ። ቀዩ እሸት ይገባል፤ መፈልፈያው ገለፈቱን ይገፍፈዋል፤ ፍሬው ዝልግልጉን እንደ ለበሰ ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ እየታሸ ይታጠብና በአልጋ ላይ ይሰጣል። ንጹሕ፣ ነጭ፣ የሚያምር ቡና ነው። ከጀንፈሉ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ በጎማም፣ በማናም፣ በሊሙም፣ በጌራም ገበሬው እሸቱን ይዞ የሚሰለፈው ለዚሁ ነው። ግን የታጠበበት ውኃስ? ማንም ስለ እሱ አይጠይቅም። በቦዩ አድርጎ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱ ሲሞላ (ሁልጊዜ ይሞላል) ወንዝ ይገባል።

በዚያ ውኃ ውስጥ ስኳር አለ፣ አሲድ አለ፣ የገለፈት ፍርፋሪ አለ። በዓይን የማይታዩት ተዋሲያን ስኳሩን ሲያገኙ ይረባሉ፤ እየበሉም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው፣ የዓሣው ምግብ የሆነው ጥቃቅን ነፍሳት ሁሉ ታፍኖ ያልቃል። ወቅቱ ደግሞ የባሰ ነው። ቡናው የሚቀላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ። ማለት ወንዙ መቅጠን በሚጀምርበት ሰዓት ጭነቱ ይመጣበታል። በሐምሌ ቢሆን ጎርፉ አቅጥኖ ይወስደው ነበር። በኅዳር ግን ወንዙ ጠቁሮ ከድንጋዩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከብት አፉን አስጠግቶ ይመለሳል።

ከዩኒቨርሲቲያችን የወጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ይኸንኑ በጅማ ዙሪያ አጥንተው አሳትመዋል። ከማጠቢያዎቹ አጠገብ ያለው ሰው ምን ይሰማዋል ብለው ጠይቀውም ጽፈዋል፦ እንደ ሰከረ ሰው ማዞር፣ ዓይንና ቆዳ ማሳከክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ትንፋሽ ማጠር። እማዬ ይኸን ጥናት አላነበበችም። ነገር ግን እኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ በኅዳር ከወንዙ ስትመለስ በሩ ላይ ትቀመጥና «ደግሞ አሰከረኝ» ትል ነበር። አባዬ ይስቅባት ነበር። አሁን ሳስበው፣ ጥናቱ ሊጻፍ ዓመታት ሲቀሩት እማዬ ግኝቱን ተናግራ ጨርሳለች።

ባለፈው እረፍት አገር ቤት ወርጄ አጎቴን ስለ ማጠቢያው አነሣሁበት። በተማሪ ድምፅ ነበር ያነሣሁት፤ አሁን ያሳፍረኛል። ሰምቶ ሰምቶ እንዲህ አለኝ፦ «ማጠቢያው ከተዘጋ እሸቴን ለማን ልሽጥ? ካልተዘጋ ከብቴን የት ላጠጣ? አንተ ነህ የተማርከው፣ ንገረኛ!» መልስ አልነበረኝም። ግጥም ግን አልጻፍኩለትም።

ከገጠሩ ወደ ከተማ እንውጣ። ቦዬን የማያውቅ የጅማ ተማሪ የለም፤ ጉማሬ ሊያይ፣ ፎቶ ሊነሣ ያልሄደ ማን አለ? ቦዬና ቂጦ ረግረግ ናቸው። ረግረግ ማለት ከላይ የመጣውን ቆሻሻ ጎርፍ ተቀብሎ፣ አረጋግቶ፣ ደለሉን አስቀርቶ ከታች የተሻለ ውኃ የሚለቅ የተፈጥሮ ማጣሪያ ነው። ለዚያውም ያለ ደመወዝ። በዚህ ላይ ባለ ዘውዱን የውኃ ወፍ ያሳድራል፤ ለቤት ክዳንና ለበዓል ጉዝጓዝ ቄጠማ ይሰጣል። እኛ ምን አደረግንበት? ጫፉን አርሰን በቆሎ ዘራንበት፤ መሐሉን ለጡብ ጭቃ ቆፈርነው፤ ዳሩን ባሕር ዛፍ ተከልንበት።

እዚህ ላይ ልቁም። ባሕር ዛፍ! ስሙን አስተውሉት። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ባሕር ዛፍ አልነው። ባሕሩ ቢቀርብን ባሕር ዛፉ ተርፎልናል፤ እሱም ረግረጉን ሥር ሰድዶ እየመጠጠው ነው። የባሕር ግጥም የሚጽፉ ወዳጆቼ ምሳሌ ከፈለጉ ይኸው፤ በነፃ ሰጥቻለሁ።

ጡብ ቆፋሪውን አልወቅስም። ጎህ ሲቀድ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ማታ ወገቡን ይዞ የሚወጣ ሰው ነው፤ ሌላ ሥራ ብታሳዩት ዛሬውኑ ይተወዋል። የምወቅሰው ረግረግን «ባዶ ቦታ» ብሎ የሚጠራውን አስተሳሰብ ነው። ይኸ አስተሳሰብ ከዚህ አገር አልበቀለም። በዚህ አገር ረግረጉና ለምለሙ መስክ ጨፌ ይባላል፤ በገዳ ሥርዓት ሕግ የሚደነገገው፣ ሸንጎ የሚቀመጠው ጨፌ ላይ ነበር። ስለዚህም ነው ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት ጨፌ ኦሮሚያ የሚባለው። አስቡት እንግዲህ፤ ፓርላማውን በረግረግ ስም የሚጠራ ሕዝብ ልጆች ነን ረግረጉን ባዶ ቦታ የምንለው። ሸንጎው ስሙን ይዞ አዳራሽ ገባ፤ ጨፌው ከነእንቁራሪቱ ውጭ ቀረ።

የከተሞች ኮሪደር ልማት የሚሉት ሥራም ጅማ ደርሷል። የወንዝ ዳር ሲነጠፍ፣ መብራት ሲተከል ደስ ይለኛል፤ ማን ይጠላል? ግን የወንዝ ዳር ማሳመርና ወንዝ ማዳን ሁለት ልዩ ልዩ ሥራዎች ናቸው። ከገበያውና ከየመጸዳጃ ቤቱ የሚወርደው ቱቦ አፉን አዌቱ ላይ ከፍቶ ከቀረ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለን የምናሸተው ያንኑ ነው። በተሻለ መብራት ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የአዌቱ ውኃ የት ይሄዳል? ቁልቁል ወርዶ ግልገል ጊቤን ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤ በ1996 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው ግድብ ላይ ይተኛል። የእርሻ መሬታቸውና ግጦሻቸው በዚያ ሐይቅ ሥር የቀረባቸው ሰዎች አሉ። ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ዛሬ መረብ ይዘው ቆሮሶና አምባዛ ያጠምዳሉ። ተመልከቱ፤ የሐይቅ ዳር ሕዝብ እዚሁ፣ ከጅማ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ቦታ ላይ ተፈጥሯል! ጀልባ አለ፣ መረብ አለ፣ «ዛሬ ዓሣው የት ገባ?» የሚል ጭንቀት አለ። ስለ እነዚህ ሰዎች የተጻፈ አንድ አጭር ልብ ወለድ ካያችሁ አሳዩኝ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የግድቡን ዳር ያጠኑ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2009 እንደ ጻፉት፣ ከሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ ይያዛሉ። ቀደም ብሎ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለል ግድቡን ከታሰበለት ዕድሜ እጅግ ቀድሞ እንደሚሞላው አስጠነቀቀ። አያችሁ? መብራቱ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወባው ዳሩ ላይ ይቀራል፤ ደለሉ የሁላችን ነው።

ውኃው ግን አላበቃም። ተርባይኑን ካዞረ በኋላ በ2002 በተመረቀው በግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ በኩል ወደ ኦሞ ይገባል፤ ከዚያ 1870 ሜጋ ዋት ያመነጫል የተባለለት፣ በታኅሣሥ 2009 የተመረቀው ጊቤ ሦስት አለ፤ ከእሱ በታች ኮይሻ እየተሠራ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግድብ ያለፈው ውኃ ዳሰነች አገር ደርሶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ቱርካና ከሚያገኘው ውኃ ዘጠኝ እጁ ያህል የኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ወደ የትኛውም ውቅያኖስ አይፈስም። ኦሞ እዚያ ደርሶ ያልቃል።

እናንተ ባሕር ፈላጊዎች ሆይ፣ ባሕራችሁ ይኸውላችሁ! ከጊንጆ በር ላይ በእግር ተነሥቶ በውኃ መንገድ የሚደረስበት፣ ማዕበል ያለው፣ ጨው ጨው የሚል፣ አዞ የሚዋኝበት ሐይቅ፤ ዳሩ ላይ ዳሰነች፣ ቱርካና፣ ኤል ሞሎ የሚኖሩበት። የዳሰነች ሰው ለዘመናት የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ከብቱ ሲያልቅበት ዓሣ ያጠምዳል። ላይኛው ግድብ ሲሞላ ሙላቱ ቀረ፤ ሐይቁም ወረደ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው። ከዚያ ደግሞ ዝናቡ በረታና ሐይቁ ሞልቶ ወጣ፤ የኦሞም ሙላት ተጨምሮበት በዳሰነች በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። ይደርቃል ሲባል ሞልቶ ሰፈር ዋጠ። እንግዲህ ነገሩ ቀላል አይደለም፤ «ግድብ ክፉ ነው» ብሎ መጮኽም አይበቃም። መብራት እፈልጋለሁ፤ ይኸን የምጽፈውም በመብራት ነው። የምለው ይኸ ነው፦ ታችኛው ሰው መቼ ተጠየቀ? እኛ የላይኞቹ ጅቡቲን «በራችንን ይዛለች» ብለን ስንወቅስ፣ የዳሰነችን በር የያዝነው እኛ መሆናችን ለአንድ ቀን እንኳ ታስቦን ያውቃል?

ሌላውን ቶሎ ልለፈው። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየውን እምቦጭ ለመንቀል ስንቱ ተሰለፈ፣ ስንቱ ዘፈነ! መንቀሉ ደግ ነው፤ የነቀሉትን እጆች አከብራለሁ። ግን እምቦጩን የሚመግበው ከእርሻውና ከከተማው የሚታጠበው ነገር ሳይነካ ቀረ። ዓለማያ ሐይቅ ከኮሌጁ አጠገብ፣ በምሁራን ዓይን ፊት ደርቆ ኖረ፤ መልሶ ውኃ የያዘው ኋላ ነው። በሐይቅ አጠገብ መማር ሐይቅ አያድንም ማለት ነው። ይኸን ለጅማ ተማሪ መንገር ያስፈልጋል?

አሁን የምትሉኝን አውቃለሁ። አንደኛ፣ «ይኸ የሣይንስ ተማሪዎች ሥራ ነው፤ ሥነ ጽሑፍን ምን አገባው?» ትሉኛላችሁ። እነሱ ድርሻቸውን ሠርተዋል። ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው፤ ለውጭ መጽሔት የተጻፉ ናቸው። ስለ እማዬ ስካር የተጻፈውን ጥናት የጀርመን ተማሪ ማንበብ ይችላል፤ እማዬ አትችልም፤ አጎቴ አይችልም፤ የወረዳው ባለሙያም ቢያገኘው በመዝገበ ቃላት ነው። ወንዙን የሚጠጣው ሰው ስለ ወንዙ በሚናገረው ቋንቋ አንድ ገጽ የለም። ለመሆኑ ቋንቋ እንማራለን የምንለው ለምንድን ነው? ማዕበልን ከመልሕቅ ጋር ቤት ለማስመታት ነው?

ሁለተኛ፣ «ቡናውን ልትገድል ነው፤ ጎጆአችን በሱ ነው የቆመው» ትላላችሁ። እኔም በቡና ነው የተማርኩት፤ የደብተሬ ዋጋ ከየት እንደ መጣ አልረሳሁም። ግን ማጠቢያን ሳይዘጉ ወንዝን ማዳን እንደሚቻል የታወቀ ነው። ውኃ በጣም የሚቆጥቡ መፈልፈያዎች አሉ፤ የታጠበበትን ውኃ ቬቲቨር ሳር በተተከለበት መሬት ላይ አስርጎ ማስቀረት ይቻላል፤ ገለፈቱ ከአመድና ከፍግ ጋር ተብላልቶ ለዚያው ለቡናው ማዳበሪያ ይሆናል። እነዚህ በዚሁ በምዕራቡ ቡና አገር ባሉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክረዋል። የቀረው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ በግልጽ እንነጋገርበት። አንዱን ሲኒ በውጭ አገር በብዙ ዶላር የሚሸጠው፣ መሐል ላይ ያለው ላኪ፣ ቀረጡን የሚሰበስበው መንግሥት እያሉ ወጪውን አጎቴ እሸት ላይ መጫን ዝርፊያ ነው። ዛሬ ግን ወጪውን የሚከፍለው አጎቴ ነው፤ በከብቱ፣ በእማዬ ሆድ፣ በልጅ ቆዳ። ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ብቻ ወጪ አይባልም።

ሦስተኛው የፈሪ ቃል ነው፤ «ማን ይሰማናል?» የሚለው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። ገጣሚ አይልም፣ ገጣሚ አይጨምርም አይልም። የሕግ ተማሪ ወዳጃችን ይኸን አዋጅ በተኛንበት ዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር፤ በዚያው ሳምንት አንዱ የባሕር ግጥም ረቂቁን በላዩ ላይ ለጠፈበት። ቀልድ አይደለም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው።

ለሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ ይዣለሁ። የ2008ቱን የቡና ማጠቢያ ጥናት ፍሬ ነገር በአማርኛ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ውኃው ኦክስጅን ያጣል የሚለውን እማዬ በሚገባት ቃል ለማስቀመጥ ሦስት ሌሊት ፈጅቶብኛል። በመጨረሻ «ወንዙ ትንፋሽ ያጥረዋል» አልኩ፤ የተሻለ ያለው ያምጣ። አፋን ኦሮሞው ግን ከእኔ የሚሻል ብዕር ይፈልጋል። የእኔ የመንደር ቋንቋ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይንተባተባል። ከሦስቱ የባሕር ገጣሚዎች ሁለቱ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዴት አድርገው እንደሚጽፉትም አይቻለሁ። ተቆጥታችሁብኝ ካላበቃችሁ ተቆጥታችሁም ቢሆን ኑ። ስቴንስሉ የሚመታው ሐሙስ ማታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት አዌቱ ድልድይ ላይ እገኛለሁ፤ ከዚያ ወደ ቦዬ በእግር እንወርዳለን፤ እግረ መንገዳችንን ወንዙ ላይ አፉን የከፈተውን ቱቦ ሁሉ እየቆጠርን እንመዘግባለን። ለአቤቱታው ቁጥር ያስፈልገናል። መሐረብ ያዙ።